ጆርጅ ዊዝ፦ የሕግ መምህሩ፣ ወራሹና ያልተሰማችው ምስክር

በአሜሪካ የሕግ ታሪክ ውስጥ የጆርጅ ዊዝን ያህል በሙያ ባልደረቦቹ የተከበረ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። የአገሪቱን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት ሃምሳ ስድስት ሰዎች አንዱ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕግ ፕሮፌሰር፣ የቶማስ ጀፈርሰንና የጆን ማርሻል አስተማሪ ነበር። በዳኝነት ዘመኑ ሁሉ እጁ ከጉቦ፣ ፍርዱም ከአድልዎ የጸዳ እንደሆነ ይነገርለት ነበር። ይሁንና ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1806 በገዛ ቤቱ ተመርዞ ሲሞት፣ በአገሩ ፍርድ ቤት ፍትሕ አላገኘም። በዚያን ዕለት ማለዳ በወጥ ቤቱ የሆነውን በዐይኗ ያየች ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ሕጉ እንድትመሰክር አልፈቀደላትም። የዊዝን ሕይወት ከቤተሰቡ ታሪክ ለይቶ መናገር የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ሁለት ውርሶች በአንድ ቤት

ዊዝ በ1726 በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት፣ ዛሬ ሃምፕተን ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ ቼስተርቪል በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአባቱ ወገኖች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ተሻግረው የሰፈሩ ባለ ርስቶች ነበሩ። አባቱ ቶማስ ዊዝም እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ መሬቱን በባሪያዎች ጉልበት የሚያሳርስ፣ በቅኝ ግዛቱ ምክር ቤትም ወንበር የነበረው ሰው ነበር።

በእናቱ በማርጋሬት ዎከር በኩል ያለው የዘር ሐረግ ግን ሌላ መንገድ የተጓዘ ነው። የማርጋሬት አያት ጆርጅ ኪዝ በስኮትላንድ የተወለደ፣ የኩዌከር እምነት ሰባኪና ጸሐፊ ነበር። ኪዝ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ከገዛ ማኅበሩ ሰዎች ጋር ተጣልቶ የራሱን ተከታዮች ያሰባሰበ፣ ኋላም ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ኀይለኛ ተከራካሪ ነው። በ1693 እርሱና ተከታዮቹ ጥቁሮችን መግዛትና ባሪያ አድርጎ መያዝ ክርስቲያን ሊያደርገው የማይገባ ኃጢአት እንደሆነ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በተሰረቀ ሰው መነገድ በተሰረቀ ዕቃ ከመነገድ የከፋ ነው የሚለው የመጽሐፉ ክርክር በዘመኑ ለነበሩት ባለጠጎች መራራ ነበር። በእንግሊዝ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን በመቃወም ታትመው ከወጡት ጽሑፎች የመጀመሪያው ይኸው እንደሆነ ይታመናል።

የኪዝ ልጅ አን በቨርጂኒያ ጆርጅ ዎከር የተባለ ሰው አገባች፤ የእነርሱም ልጅ ማርጋሬት የባለ ርስቱ የቶማስ ዊዝ ሚስት ሆነች። ባርነትን በኃጢአትነቱ የኮነነው ሰባኪ የልጅ ልጅ ባሪያዎች በሚያገለግሉት ቤት እመቤት ሆና ገባች ማለት ነው። ጆርጅ ዊዝ ያደገው በእነዚህ ሁለት ውርሶች መካከል ሲሆን፣ ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለዩትም።

አባቱ ሲሞት ልጁ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። በጊዜው የነበረው ሕግ፣ አባት ሳይናዘዝ ከሞተ፣ ርስቱን ሁሉ ለበኩር ልጅ የሚሰጥ ስለነበረ ቼስተርቪል ለታላቅ ወንድሙ ለቶማስ ተላለፈ። ለታናሹ የቀረለት የእናቱ እውቀት ብቻ ነበር። ማርጋሬት ለዘመኗ ሴቶች እምብዛም ያልተለመደ ትምህርት የነበራት በመሆኗ ንባብንና የላቲን ቋንቋን መሠረት ያስያዘችው እርሷ እንደሆነች ይነገራል። ዊዝ በመደበኛ ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ የቀረውን የላቲንና የግሪክ እውቀቱን ያካበተው ብቻውን ከመጻሕፍት ጋር ታግሎ ነው። ኋላ ግን በቨርጂኒያ የጥንቱን ቋንቋዎች ጠልቀው ከሚያውቁት ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ ይቆጠር ጀመር።

ከሠልጣኝነት ወደ ጥብቅና

በዚያን ጊዜ በቅኝ ግዛቱ የሕግ ትምህርት ቤት አልነበረም። ጠበቃ ለመሆን የሚሻ ወጣት በአንድ አንጋፋ ጠበቃ ቢሮ ተቀጥሮ ሰነድ እየገለበጠ ሙያውን ይቀስም ነበር። ዊዝም በጋብቻ አጎቱ ወደ ሆነው ጠበቃ ወደ ስቲቨን ዱዊ ዘንድ ተላከ። አጎትየው ግን ጽሕፈት ቤት ከማሠራት አልፎ ያስተማረው እምብዛም እንዳልነበረ ይተረካል። ዊዝ በኋለኛው ዘመኑ ለተማሪዎቹ ያሳየው ትዕግሥትና ልግስና በወጣትነቱ ከቀመሰው ቸልተኝነት የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

በ1746 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ አብሮት ይሠራ የነበረውን የጠበቃ ዘካሪ ሉዊስን ልጅ አን ሉዊስን አገባ፤ ሆኖም ሙሽራዪቱ ስምንት ወር ያህል ብቻ ቆይታ አረፈች። ዊዝ ኀዘኑን ይዞ ወደ ቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ዊልያምስበርግ ሄደ፤ በምክር ቤቱ ዙሪያ መሥራት ጀመረ፤ ለአጭር ጊዜም ተጠባባቂ ዐቃቤ ሕግ ሆነ።

በ1755 ሁለት ነገሮች ሕይወቱን ለወጡት። ታላቅ ወንድሙ ልጅ ሳይወልድ በመሞቱ ቼስተርቪልና በውስጡ የነበሩት ባሪያዎች ለእርሱ ተላለፉ። በዚያው ዓመት ገደማ የታዋቂውን የሕንፃ ሥራ ባለሙያ የሪቻርድ ታሊያፌሮን ልጅ ኤልሳቤጥን አገባ። አማቱ በዊልያምስበርግ ካለው የገዢው ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚገኘውን የጡብ ቤት ሰጣቸው። ባልና ሚስቱ የወለዱት አንድ ሕፃን ብቻ ሲሆን እርሱም ሳያድግ ሞተ። ከዚያ በኋላ ልጅ አላገኙም።

ልጅ ያጣው ቤት ግን በተማሪዎች ተሞላ። ከእነርሱ የመጀመሪያው ታላቅ ስም ቶማስ ጀፈርሰን ነው። ጀፈርሰን አባቱን በአሥራ አራት ዓመቱ ያጣ ወጣት ሲሆን፣ ከ1762 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በዊዝ ሥር ሕግ አጠና። ዊዝ ሰነድ አስገልብጦ አላሰናበተውም። የጥንት ደራስያንን አብረው አነበቡ፤ በገዢው በፍራንሲስ ፎኪዬር ማዕድ ዙሪያ አብረው ተወያዩ። ጀፈርሰን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ዊዝን የሚያስታውሰው እንደ ሁለተኛ አባት ነበር።

ሁለት ሕጎች ከአንድ ጠረጴዛ

ከብሪታንያ ጋር የተነሣው ጠብ ሲከር ዊዝ ከነጻነት ወገን ተሰለፈ። በ1775 ወደ አህጉራዊው ጉባዔ ተላከ። በ1776 የነጻነት መግለጫው ሲፈረም እርሱ በስፍራው ባይኖርም፣ ከቨርጂኒያ ተወካዮች ፊርማዎች ሁሉ በላይ የሚታየው የእርሱ ፊርማ ነው፤ የአገሩ ሰዎች፣ ጀፈርሰን ጭምር፣ የመጀመሪያውን ቦታ ለመምህራቸው ትተውለት ነበርና።

ከነጻነቱ መግለጫ በኋላ ቨርጂኒያ የቆዩትን ሕጎቿን የሚያሻሽል ጉባዔ አቋቋመች። የሥራውን ዋና ሸክም የተሸከሙት ጀፈርሰን፣ ኤድመንድ ፔንድልተንና ዊዝ ነበሩ። እስከ 1779 ድረስ ደክመው ከመቶ በላይ ረቂቆች አዘጋጁ። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ ከዊዝ ቤት ታሪክ ጋር በቀጥታ የተሳሰሩ ናቸው።

አንደኛው የውርስ ሕግ ነው። ርስትን ሁሉ ለበኩር ልጅ ይሰጥ የነበረው አሮጌ ደንብ ቀርቶ፣ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ንብረት ለልጆቹ ሁሉ እኩል እንዲከፈል ይደነግጋል። በሕፃንነቱ ከአባቱ ርስት የተገለለው ታናሽ ልጅ፣ በሌሎች ታናናሾች ላይ ያው ዕጣ እንዳይደርስ ባደረገው ሥራ ተሳትፏል ማለት ነው።

ሁለተኛው ባሪያዎችን የሚመለከተው ሕግ ነው። በዚህ ረቂቅ ውስጥ ጥቁሮችና ክልሶች፣ ባሪያም ይሁኑ ነጻ፣ በነጭ ሰው ላይ በፍርድ ቤት እንዳይመሰክሩ የሚከለክለው አሮጌ ደንብ እንዳለ ተገልብጦ ገባ። አዘጋጆቹ አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ የነበረውን ብቻ አስቀጠሉ። ሁለቱም ረቂቆች በ1785 በአንድ የምክር ቤት ዘመን ሕግ ሆነው ጸደቁ። የኋለኛው አንድ ቀን በራሱ በዊዝ ደጃፍ እንደሚደርስ የገመተ አልነበረም።

ዊዝ በ1778 በአዲሱ የርትዕ ፍርድ ቤት ከተሾሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ሆነ። የርትዕ ፍርድ ቤት ተራው ሕግ በፊደሉ ብቻ ሲተረጎም ፍትሕ የሚጎድልባቸውን ጉዳዮች የሚያይ ነው። በ1779 መጨረሻ የዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ የሕግ መንበር አቋቁሞ ለእርሱ ሰጠው። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ወደ ኮሌጅ የገባው በዚህ ሹመት ነው። ዊዝ ከንግግር ባሻገር ተማሪዎቹን በተመሳሰለ ችሎት እያቆመ ያከራክራቸው፣ በተመሳሰለ ምክር ቤት እያስቀመጠም ሕግ ያስረቅቃቸው ነበር። በ1780 ከተማሪዎቹ መካከል ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን ማርሻል ነበረ። በ1782 በቀረበ አንድ ጉዳይ ዊዝ፣ ምክር ቤት ከሕገ መንግሥቱ ድንበር ካለፈ ዳኛ ሊያስቆመው እንደሚገባ አስረግጦ ተናገረ። ማርሻል ይህንኑ ሐሳብ በ1803 በመላ አገሪቱ የጸና መርሕ አደረገው።

ሊዲያና ማይክል

በ1787 የበጋ ወራት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ በፊላደልፊያ ጉባዔ ሲደረግ ዊዝ ከተወካዮቹ አንዱ ነበር። ሆኖም ኤልሳቤጥ በጽኑ ስለታመመች ጉባዔውን ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በነሐሴ ወርም ሚስቱን ቀበረ።

ከቀብሩ በኋላ የእናቱ ወገን ውርስ በግልጽ መታየት ጀመረ። ከቤቱ ባሪያዎች ከፊሎቹ ወደ ዘመዶች እጅ አለፉ፤ ሌሎቹን ግን ነጻ አወጣ። በዚያው ዓመት ነጻ ከወጡት መካከል የቤቱ ወጥ ሠሪ ሊዲያ ብሮድናክስ ትገኝበታለች። ሊዲያ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በገዛ ፈቃዷ፣ በደመወዝ፣ ከዊዝ ቤት ሥራዋን ቀጠለች። ዊዝ የርትዕ ፍርድ ቤቱ ብቸኛ ዳኛ ሆኖ ወደ ሪችመንድ ሲዛወርም አብራው ሄደች።

በሪችመንድ ቤት ማይክል ብራውን የተባለ ነጻ ክልስ ልጅም አደገ። አረጋዊው ዳኛ ለጀፈርሰን የሰጠውን ዓይነት ትምህርት ለማይክልም ሰጠው፤ ላቲንና ግሪክ ያስተምረው ነበር። ጥቁርን ማስተማር ዋጋ የለውም ይባል በነበረበት ዘመን ይህ በከተማው ሰው ዐይን ትንሽ ነገር አልነበረም።

በዳኝነት ወንበሩ ላይም አቋሙን አልሸሸገም። በዕድሜው ማብቂያ አካባቢ፣ ጃኪ ራይትና ልጆቿ ከአንድ ባለ ርስት ነጻነታቸውን ለመጠየቅ ወደ ችሎቱ ቀረቡ። ዊዝ ነጻነታቸውን ፈረደላቸው። ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ነጻ እንደሆኑ የቨርጂኒያ የመብቶች መግለጫ ስለሚናገር፣ ባሪያዬ ነው የሚለው ወገን ያስረዳ እንጂ ነጻ ነኝ ባዩ ማስረጃ ሊጠየቅ አይገባም የሚል ነበር ፍርዱ። ቅድመ አያቱ በ1693 በሃይማኖት ቋንቋ የተናገረውን የልጅ ልጅ ልጁ በሕግ ቋንቋ ደገመው ሊባል ይችላል።

የ1806 ግንቦት

ዊዝ በ1803 ኑዛዜውን ጻፈ። የሪችመንድ ቤቱንና በባንክ ካለው ሀብት ከፊሉን ለሊዲያ፣ ለማይክልና ቤንጃሚን ለተባለ ሌላ ነጻ ያወጣው ሰው መተዳደሪያ አደረገ። የቀረውን የእህቱ የአን የልጅ ልጅ ለሆነው፣ ስሙንም ለወረሰው ለጆርጅ ዊዝ ስዊኒ ተወ። ቤንጃሚን ከሞተ በኋላ በ1806 መጀመሪያ ላይ ኑዛዜውን አሻሻለ። ማይክልን እንዲያሳድግና እንዲያስተምር በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበረውን ጀፈርሰንን ለመነ። ማይክል ለአካለ መጠን ሳይደርስ ቢሞት ግን ድርሻው ወደ ስዊኒ እንዲያልፍ ጨመረበት።

ስዊኒ በአያቱ ወንድም ቤት የሚኖር፣ ቁማር የለመደ ወጣት ነበር። ከዊዝ መጻሕፍት እየሰረቀ ይሸጥ፣ በስሙም ሐሰተኛ ቼክ እየፈረመ ከባንክ ገንዘብ ያወጣ ነበር። አረጋዊው ጥፋቱን እያወቀም ከቤቱ አላባረረውም። የጎረሰበትን እጅ ነከሰ የሚባለው እንደዚህ ላለ ሰው ነው።

እሑድ ግንቦት 25 ቀን ማለዳ ስዊኒ ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ ቡና ጠጣ። ሊዲያ ኋላ ለቤቱ ወዳጆች እንዳስረዳችው፣ ወደ ቡናው ማሰሮ ቀርቦ ሲነካካ፣ ከዚያም አንድ ነጭ ወረቀት ወደ እሳቱ ሲጥል አይታለች። እርሱ ከሄደ በኋላ ዊዝ፣ ሊዲያና ማይክል ቁርሳቸውን ቀመሱ። ሦስቱም ወዲያው ብርቱ የሆድ ሕመም ያዛቸው።

በቀጣዩ ሳምንት ስዊኒ በሐሰተኛ ቼክ ተይዞ ታሰረ። ዋስ እንዲሆነው ወደ ታማሚው ቢልክም ዊዝ እምቢ አለ። ማይክል ሰኔ 1 ቀን ሞተ። የልጁ ሞት የተነገረው ዊዝ በዚያው ዕለት የመጨረሻውን ኑዛዜ አስጻፈ፤ ስዊኒን ከውርሱ ነቅሎ ድርሻውን ለእህትና ወንድሞቹ ሰጠ። ሰኔ 8 ቀን በሰማንያ ዓመቱ ገደማ አረፈ። ሪችመንድ እንደ ታላቅ ባለ ሥልጣን ቀበረችው። መጻሕፍቱን ለጀፈርሰን ተናዝዞ ነበር።

የተዘጋው አንደበት

ስዊኒ በነፍስ ግድያ ተከሶ በመስከረም ለፍርድ ቀረበ። ጠበቆቹ የአገሪቱ የመጀመሪያ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ኤድመንድ ራንዶልፍና ኋላ ያንኑ ሥልጣን የያዘው ዊልያም ዊርት ነበሩ። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች የሆድ ዕቃው መቆጣቱን አይተዋል፤ ነገር ግን ይህ በአርሴኒክ ይሁን በሌላ በሽታ የመጣ መሆኑን ለይተው ሊያረጋግጡ አልቻሉም። የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው የሊዲያ ቃል ነበር።

ሊዲያ ነጻ ሴት ነበረች። በራሷ ደመወዝ የምትኖር፣ ሦስቱን ከመታው መርዝም የተረፈች ብቸኛዋ ሰው ነበረች። ሆኖም ጥቁር ነበረችና በነጭ ተከሳሽ ላይ መመስከር አልተፈቀደላትም። ያገዳት ሕግ ዊዝ በተቀመጠበት ጉባዔ ተዘጋጅቶ በ1785 የጸደቀው ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ ማስረጃን መመዘን ሲያስተምር ኖሮ፣ በገዛ ሞቱ ላይ የነበረው ዋና ማስረጃ ወደ ሚዛኑ ሳይቀርብ ቀረ። ስዊኒ ከግድያው ክስ ነጻ ተባለ። በሐሰተኛ ቼኮቹ ቢፈረድበትም ይህም ሳይጸና ቀረ፤ የቆየው ሕግ በግለሰብ ላይ የሚፈጸመውን ማጭበርበር እንጂ በባንክ ላይ የሚፈጸመውን አያካትትም ተባለ። ወጣቱ ወደ ምዕራብ ሄደና ከሪችመንድ ዐይን ተሰወረ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጃኪ ራይትን ጉዳይ ተመለከተ። ሴቶቹ የቀደምት አሜሪካውያን ዘር ስለሆኑ ነጻነታቸውን አጸና፤ ነጻነት የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው የሚለውን የዊዝን ምክንያት ግን ለአፍሪካውያንና ለልጆቻቸው አይሠራም ሲል ሻረው። ይህን ከጻፉት ዳኞች አንዱ ሴንት ጆርጅ ታከር ነው፤ ታከር ደግሞ የዊዝ ተማሪ፣ በኮሌጁ መንበርም የተተካው ሰው ነበር።

ሊዲያ ከመርዙ ብትድንም ዐይኗ ደከመ፤ የመሥራት ዐቅሟም ቀነሰ። በ1807 ለጀፈርሰን ጽፋ ችግሯን አስረዳች፤ እርሱም ገንዘብ እንዲሰጣት አዘዘ። በቨርጂኒያ ጥቁሮች ነጮች ባሉበት ክርክር ለመመስከር የቻሉት ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ ዊዝ ከሞተ ስልሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው።

የዊልያምስበርጉ የጡብ ቤት ዛሬም ቆሞ ጎብኚዎችን ይቀበላል፤ የኮሌጁ የሕግ ትምህርት ቤት የማርሻልንና የዊዝን ስም አጣምሮ ይጠራል፤ መቃብሩም በሪችመንድ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ይገኛል። ያን ዕለት ማለዳ በወጥ ቤቱ የሆነው ነገር የሚታወቀው ግን ከችሎቱ መዝገብ አይደለም። ጎረቤቱና የኑዛዜው አስፈጻሚ ዊልያም ዱቫል ለጀፈርሰን ከጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም የከተማው ሰዎች ከዓመታት በኋላ ካሰፈሯቸው ማስታወሻዎች ነው። ፍርድ ቤቱ ያልሰማውን የሊዲያ ብሮድናክስን ቃል ያቆዩት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው።